በአራት ዓመቱ ያረጀው ስልክ

አዲስ ስልክ ወጣ ሲባል እንደ ሰው ደስ አይለኝም፤ ይደክመኛል። በማስተምርበት ትምህርት ቤት ወጣቶቹ መምህራን በዕረፍት ሰዓት ጭንቅላታቸውን ገጥመው «አየኸው? ካሜራው እኮ አራት ሆነ!» ይባባላሉ። አራት ዓይን አውጥቶ ምን ሊያይ ነው? ያምናውስ ምን አጠፋ? እላለሁ በሆዴ። አንዳንዴ በአፌም ያመልጠኛል፤ ያኔ «ቲቸር ደግሞ ጀመሩ» ብለው ይስቁብኛል። ይሳቁ። ስልክ በየስንት ዓመቱ መውጣት እንዳለበት እኔም የራሴ ሐሳብ አለኝ። ሐሳቡን ያገኘሁት ግን ከአንድ ለቅሶ ነው።

የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ በሚባል ሰፈር ነው። የሰፈራችን ቅሬ ጸሐፊ ነኝ። ቅሬ የምንለው ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ነው፤ ሰው ሲሞት ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ሐዘንተኛ ያስተዛዝናል። እስላሙም ክርስቲያኑም ያለው በአንድ ቅሬ ነው። ድሮ ጥሩምባ ነፊ ነበረን። እሳቸው አርጅተው ሲተዉት የሚተካቸው ጠፋ፤ ወጣቱ ማን ጥሩምባ ይዞ በብርድ ይዙር? ያኔ ነው እኔ ተምሬያለሁ ባዩ በጠቅላላ ጉባኤው መካከል ተነሥቼ «ዘመኑ የስልክ ነው፣ ግሩፕ ከፍተን እዚያ ላይ እንነጋገር» ያልሁት። ምነው ያን ጊዜ አፌን በቆረጠው!

የተቃወሙኝ አንድ ሰው ብቻ ናቸው። አናጢ ናቸው፤ ሰባውን አልፈዋል፤ ቤታቸውና ቤቴ በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነው። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው።

«መምህር፣ የሰው ሞት በኪስ ውስጥ ይነገራል እንዴ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ምን ይደረግ፣ ዘመኑ ነው።»

«ዘመኑ ነው ካላችሁ እሺ» ብለው ተቀመጡ። ተናደው አልቀሩም። በሳምንቱ ፒያሳ ወርደው በዕድሜያቸው የመጀመሪያውን ባለመስተዋት ስልክ ገዝተው መጡና «በል አስተምረኝ» አሉኝ። ማስተማር ሥራዬ ነው፤ እሳቸውን ያስተማርሁበትን ያህል ግን በማንም ላይ አልደከምሁም። ጣታቸው ከመጋዝና ከሙጫ ብዛት ደርቆ ስልኩ አያውቀውም ነበር። ይጫናሉ፣ ዝም ይላል። ይጫናሉ፣ ዝም ይላል። «ይኼ ነገር የሰው ልጅ መሆኔን ተጠራጠረ መሰለኝ» ብለው ያስቁኛል። መልእክት ከፍቶ ማንበብ እስኪለምዱ ዓመት ሊሞላን ምንም አልቀረንም።

ይህን ሁሉ መከራ የበሉት ለቅሬው ደንብ ሲሉ ብቻ አልነበረም። አንድ ጓደኛ ነበራቸው። የከባድ መኪና ሹፌር የነበረ፣ በጉብዝናው ዘመን ለእሳቸው እንጨት ሲያመላልስ የኖረ፣ ክርስቲያን ሰው። ሚስቱን ደሴ ቀብሮ ኮምቦልቻ ሴት ልጁ ዘንድ ገባ፤ ቅሬውን ግን አልለቀቀም። ሁለቱ ከድሮ ጀምሮ ቃል ነበራቸው፤ ሹፌሩ ቀድሞ ከሞተ ሳጥኑን ጋሼ ሊሠሩለት፣ ጋሼ ቀድመው ከሞቱ ሹፌሩ ቃሬዛቸውን ከፊት ሊሸከም። ለዚሁ ብለው ጋሼ መልካም መልካም የዋንዛ ሳንቃ መርጠው፣ አድርቀው፣ ከአልጋቸው ሥር አስቀምጠዋል። ሳጥኑን ቀድመው ለምን አይሠሩትም ብዬ ጠይቄያቸው ተቆጥተውኛል። «ሰውየው ቁጭ ብሎ ሻይ እየጠጣ እኔ ሳጥኑን ልምታ? ሟርት አይደለም እንዴ! ለእኔ ግማሽ ቀን ይበቃኛል። በጧት የነገረኝ እንደሆነ ቀትር ላይ አደርሳለሁ።»

ሹፌሩ ታመመ፣ ከአልጋ ዋለ። ጋሼ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአሥር ሰዓት ሶላት በኋላ ሚኒባስ ተሳፍረው ኮምቦልቻ እየወረዱ ይጠይቁታል። ሲመለሱ አጥሬ ላይ ቆም ይሉና «ቀጥኗል። አላህ ያውቃል» ይሉኛል።

እንዲህ ሳለን ነው አንድ ቀን ስልካቸውን በመሐረብ ጠቅልለው የመጡት። «መምህር፣ ይኼ ነገር የቅሬውን ቤት አልከፍት አለኝ።» አየሁት። አፑን ለመጠቀም አዲስ ሥርዓት ያስፈልጋል፣ ይህ ስልክ ደግሞ አዲሱን ሥርዓት አይቀበልም ይላል። ነካካሁት፣ አጠፋሁት፣ አበራሁት። አልሆነም። ፒያሳ ወሰድኋቸው።

ባለሱቋ ወጣት ናት፤ ስልኩን ገልበጥ አድርጋ አየችውና «አባባ፣ ይሄ ሞዴል እኮ ቆይቷል። ከዚህ በኋላ አራት ወጥቷል» አለች።

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አለች?»

«ስልኩ አርጅቷል ነው የምትለው።»

«በአራት ዓመቱ?» ወደ እሷ ተመለሱ። «ልጄ፣ ባትሪው ታሟል?»

«ደህና ነው።»

«መስተዋቱስ?»

«ምንም አልሆነም። ንጹሕ ነው፣ በደንብ ነው የያዙት።»

«ይደውላል?»

«ይደውላል።»

«ታዲያ ምኑ ነው ያረጀው?»

ልጅቱ ሳቀች፤ ክፋት የለባትም። «እሱ አይደለም ያረጀው አባባ፣ ኩባንያው ነው የተወው። በየዓመቱ አዲስ ያወጣሉ፣ ለድሮው ማን ይሠራል?»

«በየዓመቱ! ሱብሃነላህ! በሬ እንኳ ለመጠመድ አራት ዓመት ይፈልጋል። እኔ ገና አሁን ጣቴ ለመደው ስል!»

ከመደርደሪያው አዲስ አውጥታ በእጃቸው አስያዘቻቸው። ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት፤ በቀስታ መለሱላት። «ያማረ ነው። መላጊያዬን የገዛሁት ሳላገባ ነው ልጄ። የሠራው ሰው ይኼን ጊዜ አፈር ሆኗል፤ መላጊያው ግን ዛሬም ይልጋል።» ከዚያ ወጣን።

ሽቅብ ተመለስን። አፈርሁ፤ ስልክ ግዙ ብዬ ያስገዛኋቸው እኔ ነኝ። ስልክ የሚሠሩት ሰዎች ክፉዎች ናቸው አልልም። ግን ቧንቧ ውሃ ያለ አናጢ ጣቱን ለማስለመድ አንድ ዓመት እንደሚፈጅበት ማን ይነግራቸዋል? ለእኔ ቢተዉልኝ በአሥር ዓመት አንድ ይበቃል ባይ ነኝ። እሺ፣ በየዓመቱም ያውጡ፣ መብታቸው ነው፤ የድሮውን ግን ከነነፍሱ አይቅበሩብን። እንዲህ እያልሁ ስነጫነጭ ጋሼ ቆም አሉና «መምህር፣ እንግዲህ ወሬውን በምን ልሰማ?» አሉኝ።

«አብሽሩ ጋሼ፣ እኔ እነግርዎታለሁ። ግድግዳ አይደል የሚለየን?»

«ያን የኮምቦልቻውን ነገር ታውቃለህ። ግማሽ ቀን ነው የምፈልገው።»

«አውቃለሁ።»

«አደራ።»

«አደራዎን ተቀብያለሁ» አልሁ።

ሦስት ሳምንት ያህል ሆነው መሰለኝ። ቅዳሜ ነበር፤ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ስልኬ ጮኸ። የሹፌሩ ልጅ ባል ነው። «መምህር፣ አባባ አረፉ። ደሴ ከባለቤታቸው አጠገብ ነው የሚቀበሩት፣ በስምንት ሰዓት። ለሁሉም ንገሩልን።» እግዜር ያጽናችሁ አልሁና ወዲያው መልእክቱን ጻፍሁ። የመምህር ነገር ሆኖብኝ ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ ስሙን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ሰዓቱን አሟልቼ ለግሩፑ ላክሁ። አፍታም ሳይቆይ «ነፍስ ይማር» ይወርድ ጀመር። ነፍስ ይማር፣ ነፍስ ይማር፣ አላህ ይዘንለት፣ ነፍስ ይማር። ሥራዬን የጨረስሁ መሰለኝ። ከዚያ ቆፋሪ መመደብ፣ መኪና መለመን፣ ካህናቱን ማነጋገር፤ እስከ ቀትር ስልኩ ከጆሮዬ አልወረደም።

ጋሼን ረስቻቸው ነበር ብል ውሸት ነው፤ ረስቻቸው ቢሆንማ ይሻለኝ ነበር። አስቤያቸዋለሁ። «ይኼን ጊዜ ሳንቃቸውን አውርደው እየላጉ ነው» ብዬ በልቤ ሥዕላቸውን ሁሉ አይቻለሁ። ለሁሉም ልኬ የለ! ስልካቸው መዘጋቱን፣ የሰጡኝን አደራ፣ ያንን ነው ከነጭራሹ የዘነጋሁት። እንዲህ ያለ ነገር ሲነገረኝ አላምንም ነበር፤ በራሴ ሲደርስ ግን አመንሁ።

በስምንት ሰዓት አስከሬኑ ከኮምቦልቻ ደረሰ። ሳጥኑ ከመኪናው ሲወርድ ደነገጥሁ። የሱቅ ሳጥን ነው፤ ሐምራዊ ጨርቅ የለበሰ፣ የሚያብረቀርቅ ሚስማር ዙሪያውን የተመታበት። ዞር ዞር ብዬ ጋሼን ፈለግሁ፤ የሉም። ታዲያ ምን አሰብሁ? እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ «አይ እርጅና፣ ቃልንም ያስበላል» ብዬ ታዘብኋቸው። ከቀብር በኋላ እንደ ደንባችን ከዛፍ ሥር ቆሜ ስም ስጠራ የእሳቸው ላይ ደረስሁ። ሁለት ጊዜ ጠራሁ። «የሉም» አለ አንዱ። በስማቸው ትይዩ የቀሪ ምልክት አደረግሁ፤ ጫን አድርጌ ነው ያደረግሁት፣ ተናድጄ ነበር።

ከዚያ ከሐዘንተኞቹ ጋር ልቀመጥ ብዬ በባጃጅ ወደ ኮምቦልቻ ሚኒባሶች ሄድሁ። ሰልፉ ረጅም ነው። ከመካከሉ አንድ ሰው እጁን አነሣልኝ። ጋሼ ናቸው። ንጹሕ ጃኬታቸውን ለብሰዋል፤ በፌስታል ብርቱካን ይዘዋል።

«መምህር! አንተም ልትጠይቀው ነው? ጎሽ የኔ ልጅ! ሰው ሲያይ እኮ ደስ ይለዋል።»

እዚያው ቀረሁ። ነጠላዬ እንደ ለቀስተኛ ተጣፍቷል፣ ጫማዬ የመቃብር አፈር ነክሷል። ጫማዬን ዝቅ ብለው አዩት፤ ፈገግታቸው ሳይጠፋ «የማን ቀብር ነበር?» አሉ።

መርዶ ወግ አለው። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሰውየውን ከቤቱ አስቀምጦ፣ ዙሪያ ጥምጥም አውርቶ ነው የሚያረዳው። ለዚህ ነው የሹፌሩ ልጅም በስልክ ያልነገረቻቸው፤ ቅሬው በወጉ ያረዳልኛል ብላ ነው። እኔ ግን የዕድሜ ልክ ጓደኛቸውን ሞት የነገርኋቸው በሚኒባስ ሰልፍ ላይ ነው፤ ረዳቱ «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! ሁለት ሰው!» እያለ በጆሯችን ሥር ሲጮህ።

«ላ ኢላሃ ኢለላህ» አሉ። ከአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። ብርቱካኑን ከጉልበታቸው ላይ አደረጉት። ቆዩና «መቼ?» አሉኝ።

«ዛሬ ንጋት ላይ።»

«ተቀበረ?»

«አሁን፣ በስምንት ሰዓት።»

«በምን?»

ሳጥኑን መጠየቃቸው እንደሆነ ገብቶኛል። «ከሱቅ ገዝተው» አልሁ።

ከዚያ ቀባጠርሁ፤ «ስልኩ እኮ ነው ጋሼ፣ አፑ ባይዘጋ ኖሮ፣ እነዚህ ሰዎች በየዓመቱ…» እጃቸውን ከፍ አደረጉ፤ ዝም አልሁ። ተነሡ። ወደ ቤት ይመለሳሉ ብዬ ነበር፤ ከሰልፉ ገቡ። «ልጅቱ አለች አይደል» አሉ።

ጎን ለጎን ተቀምጠን ወረድን። የሐረጎን ቁልቁለት እስክናጋምስ ስልክ ሠሪዎቹን በልቤ ረገምሁ። አንድ መላጊያ የሰው ዕድሜ ሲያገለግል እናንተ ምን ያጣድፋችኋል፣ ምን ያባርራችኋል፣ እያልሁ። እርግማኑ ግን ሩቅ አልሄደም። እነሱ ጋሼን አያውቋቸውም። አደራ ተቀብያለሁ ብለውም አልማሉላቸውም።

«ለሰዉ ስንት ሰዓት ነገርኸው?» አሉኝ ጋሼ ድንገት፣ ዓይናቸውን ከመስኮቱ ሳያነሡ።

«አሥራ ሁለት ሰዓት።»

«እኔ እስከ ሁለት ሰዓት ቤት ነበርሁ። ከዚያ ነው ሥራ ቦታዬ ሰኞ ገበያ የሄድሁት።» ዞር ብለው አዩኝ። «ግድግዳውን በጡጫ ብትመታው እኮ እሰማሃለሁ።»

ቁጣ የለበትም። ምነው በተቆጡኝ! ምነው ከመኪናው አስወርደው በሰደቡኝ! እንባዬ መጣ፤ ሃምሳ ዓመት አልፎኝ በሰው መካከል እንደ ልጅ አለቀስሁ። ከኋላ ያለች ሴትዮ «አይዞህ ወንድሜ፣ የማን ሐዘን ነው?» አለችኝ።

ኮምቦልቻ ስንደርስ ሙቀቱ ተቀበለን። ድንኳኑ ከደጅ ተተክሏል፤ ሰዉ ሞልቷል። ልጅቱ ጋሼን ስታይ ከፍራሹ ተነሥታ አንገታቸው ላይ ወደቀች። ደረቷን እየመታች አለቀሰች፤ እሳቸውም አለቀሱ፤ ድንኳኑ እንደገና አለቀሰ። ሲበርድ አስቀመጧቸው፤ እኔም ከጎናቸው ተቀመጥሁ። ብርቱካኑን የሚቀበል ሰው እንኳ አልነበረም፤ ከእግራቸው ሥር አደረጉት።

ልጅቱ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገችና «ጋሼ፣ ምነው ቀሩብን?» አለች። «ሳጥኔን እሱ ነው የሚሠራልኝ እያለ ነው የሞተው። ከሱቅ እንዳትገዙ ብሎ ነግሮኝ ነበር። እስከ ስድስት ሰዓት ጠብቀንዎት እኮ ነው።»

ሁሉም ወደ እኛ ዞረ። መናገር ነበረብኝ። ቃሉ ተዘጋጅቶልኛል፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እሳቸው አልሰሙም» ማለት ብቻ ነው። አፌን ከፈትሁ። ጋሼ ጉልበቴን በመዳፋቸው ጫን አደረጉት።

«እጄ ነው ልጄ» አሉ። «እጄ ከዳኝ። መጋዙን አንሥቼ አልቆርጥ አለኝ። ሳንቃው ሳይነካ ቀረ። አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ።»

ከጥግ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «አይ እርጅና» ብለው ተነፈሱ። ሰዉ ሁሉ እጃቸውን አየ። እጃቸውን ወደ ጃኬታቸው ኪስ ከተቱ። ልጅቱ «ምን ያድርጉ ጋሼ፣ እግዜር ይማርዎት» ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። እኔ አፌን ዘጋሁ። አሁን ስጽፈው እንኳ የሚከብደኝ ይኼ ነው፤ ዘጋሁት።

ስንመለስ ከመኪና እንደ ወረድን «ለምን እንዲያ አሉ?» አልኋቸው። «አብሽር» አሉኝ። «ጸሐፊው ረስቶ ነው ብላት ሐዘኗ ላይ ቂም እጨምርባታለሁ። በዚህ የተነሣ ነገ ቅሬው ሊከፋፈል ነው። እኔ ደግሞ መቼም ማርጀቴ አይቀር።»

ወሬ እግር አለው፤ ከእኛ ቀድሞ ደሴ ገባ። በር ሊያሠራ ቀብድ ለመስጠት ቀጠሮ የያዘ ሰው «እጃቸው ደክሟል አሉ» ብሎ ወደ ሌላ አናጢ ሄደ። ሌላውም ተከተለ። ሰኞ ገበያ ያለችው የሥራ ቦታቸው ቀን ሙሉ ተዘግታ የምትውልበት ጊዜ መጣ። አልናገር አሉ፤ እኔም አልተናገርሁም። ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ እያልሁ ቀኑን ገፋሁት።

በቀጣዩ ጉባኤ፣ ሞት ከስልኩ ሌላ ቤት ለቤትም ይነገር ብዬ አመለከትሁ፤ ተቀበሉኝ። አጨበጨቡልኝም። ከዚያ የቅሬው ዳኛ ተነሡና አንድ ነገር አነሡ፤ ጋሼ እጃቸውን ስለታመሙ ከእንግዲህ ከቁፋሮና ከሸክም ይታቀቡ፣ ቢቀሩም ቀሪ አይባሉ። ሰዉ «ይገባል፣ ይገባል» አለ። ጋሼ አንገታቸውን ደፍተው «ጀዛኩሙላህ» ብለው አመሰገኑ። ዳኛው ወደ እኔ ዞረው «መምህር፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ያዘው» አሉኝ።

ያዝሁት። እጃቸው በመድከሙ ምክንያት ብዬ በራሴ እጅ ጻፍሁ። ደብተሩን ለፊርማ አዞርሁላቸው። ቀጥ ባለ እጅ ፈርመው መለሱልኝ፤ ከእኔ በቀር ያስተዋለ አልነበረም።